ጉርድ ፎቶ፣ ዲቪ እና የአያታችን ንቅሳት

ገርጂ ባደግንበት ቤት ኮምፒውተሩ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነበር የተቀመጠው። ወፍራሙ ስክሪን ማታ ማታ ዳንቴል ይለብሳል። ሲፒዩው ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት የራሱ ፎጣ ነበረው። የ2001 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ዘመን። ተራችን ደርሶ መብራት ሲመጣ በቤቱ ያለን ልጆች ሁሉ ወንበር ለመያዝ እንጋፋ ነበር። ያን ዕለት ወንበሩን የያዝነው ለጨዋታ አልነበረም። የአያታችንን ፎቶ «ልናሳምር» ነው።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ አያታችን ወጣት ሆና ፎቶ ቤት የተነሳችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ ለቀቅ አድርጋ ካሜራውን ፊት ለፊት ታየዋለች። አንገቷ ላይ የንቅሳት መስመሮች አሉ፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ መስቀል። ወረቀቱ ለዓመታት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታጥፎ ስለኖረ ልክ አንገቷ ላይ ተሰንጥቋል። ስካን ተደርጎ በሲዲ መጣልን። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ የጀማሪ ፎቶ ማስተካከያ ነበር፤ ስሙን እንተወው። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ቆሻሻ የሚያጠፋ ብሩሽ ነው። ስንጥቁ ላይ ተጫንን፤ ጠፋ። ተአምር ነበር! ትንሽ ወረድ ብለን ተጫንን፤ የንቅሳቱ አንዱ መስመር ጠፋ። ተያይተን ሳቅን። ከዚያ ሁሉንም ጨረስነው። ግንባሯን ጭምር። «ጸዳች» አልን። በዚያው በድሮው ስም ሴቭ አደረግነው።

ሲዲው ተጫጭሮ መነበብ አቆመ። ወረቀቱ ወደ ሰሚት ስንዛወር ከአንድ ካርቶን ጋር የት እንደገባ አልታወቀም። አያታችንም አረፈች። ቤታችን የቀረችው አንገተ ልሙጧ አያት ብቻ ነበረች፤ በሕይወት ዘመኗ ማንም አይቷት የማያውቃት ሴት።

ይህን ጽሑፍ የጀመርነው ከዚያ ጸጸት ተነስተን ነው። ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም ብለን ለመጽናናት ታሪክ ስናገላብጥ ግን ነገሩ ከኮምፒውተር በፊት የጀመረ ሆኖ አገኘነው።

ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር እንኳ ፎቶ አንሺዎቹን ይዞ ነበር የመጣው። አዲስ አበባ ላይ ሙያውን ያቋቋሙት ግን በአብዛኛው አርመኖች ናቸው። የቦያጂያን ቤተሰብ ስም እዚህ ላይ የግድ ይነሳል። አባት ቤድሮስ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አነሱ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ደግሞ ሙያውን እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አደረሱት። በዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ ማለት ካሜራውን የሚጫን ብቻ አልነበረም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ ኔጋቲቩን የሚያጥብ፣ ደርቆ ሲወጣ ደግሞ ከብርሃን ፊት አቁሞ ሹል እርሳስ ይዞ የሚያርም ሰው ነው።

የእርሳሱ ሥራ እንዲህ ነው። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይገለበጣል። ስለዚህ የፊት ላይ ሽብሽብ ወይም ጥቁር ነጥብ ኔጋቲቩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቦታ ነው። ያን ቦታ በእርሳስ ጠቆር ካደረጉት ወረቀቱ ላይ ሲታተም ነጣ ይላል፤ ሽብሽቡ ይጠፋል። ብጉር፣ ጠባሳ፣ የዐይን ስር ጥላ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ይታረማል። ጥሩ አራሚ የሠራውን አይተው አያውቁበትም። መጥፎው የሠራው ፊት የሰም አሻንጉሊት ይመስላል። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው «ቆዳ ማለስለሻ» ከዚህ እርሳስ የሚለየው በፍጥነቱ ነው። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጅ ቀለም መቀባትም ነበር፤ ከንፈር ቀላ፣ ጥለት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። የእናቶቻችንን አልበም ገልጦ ያየ ያውቀዋል።

ሞቅ ያለው ምሳሌ ግን ከፖለቲካው ነው የሚመጣው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረበባቸው ክስ ዋናው ሃይማኖታቸውን ትተው ሰለሙ የሚለው ነበር። በዚያ ክስ ዙሪያ ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩባቸው ፎቶዎች እንደ ማስረጃ ይነሳሉ። ፎቶዎቹ የትኞቹ እውነተኛ፣ የትኞቹ በቅንብር የተሠሩ ናቸው የሚለው እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ኤስቴል ሶዬ በእኚሁ ልዑል አወዛጋቢ ፎቶዎች ላይ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፋለች። እኛ ፍርድ አንሰጥም። የሚገርመን ሌላ ነው፤ ዛሬ ከተማችን ውስጥ አንድ ፎቶ አልዋጥ ሲለን «ፎቶሾፕ ነው!» እንላለን። ፎቶሾፕ ከመፈጠሩ ከ70 ዓመት በላይ አስቀድሞ አዲስ አበባ ይህንኑ ክርክር ገጥማ ነበር፤ ቃሉ ብቻ ነው ያልነበራት።

ቃሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች የጀመሩትን ፕሮግራም አዶቢ ፎቶሾፕ ብሎ ለገበያ አወጣው። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ የባለሙያ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ለቤት ሰው የታሰቡት በኋላ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፎቶዲሉክስ መጣ፤ ስካነር ሲገዙ በሲዲ አብሮ ይሰጥ ነበር። የማይክሮሶፍት ፒክቸር ኢት በዚያው ሰሞን ብቅ አለ። በ2001 ደግሞ ፎቶሾፕ ኤለመንትስ ወደ 100 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ወጣ፤ የታላቅ ወንድሙን ብዙ መሣሪያ ይዞ፣ ለማተሚያ ቤት የሚያስፈልገውን የአራት ቀለም አሠራር ግን ትቶ።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ከዓለም ተለየች። ለጀማሪ ተብሎ የተሠራው ፕሮግራም ለጀማሪው የደረሰው ዋጋው ስለቀነሰ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዋጋ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚህ ሆኖ በክሬዲት ካርድ የሚገዛ ማን አለ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2004 ቢወጣም ፕሮግራሙ የሚገኘው ተቀድቶ ነው። ሁሉም የአንድ ባዶ ሲዲ ዋጋ ካወጣ ደግሞ ትንሹን የሚመርጥ ሞኝ የለም። ስለዚህ የቦሌና የገርጂ ልጅ «ዋናውን» ፎቶሾፕ ጫነ። ከፍቶ ሲያየው ግራና ቀኙ ምልክት ነው። መመሪያ የለም፤ የሚያስረዳ የለም። ፎቶ ለማቅላት የገባ ልጅ ሰባት የማያውቃቸው መስኮቶች ከፍቶ፣ ምስሉ የት እንደገባ ጠፍቶት ይወጣል። በየሠፈሩ «ግራፊክስ በሦስት ወር» የሚሉ ማስተማሪያዎች የበዙት ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወደ ዲቪ እንምጣ። በእኛ አስተያየት አዲስ አበባን ፎቶ ማስተካከል ያስተማራት ትልቁ ትምህርት ቤት ዲቪ ነው።

የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ ድሮ በፖስታ ነበር የሚላከው፤ ፎቶውም ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2003 ጀምሮ ግን ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ፤ ፎቶውም በፋይል እንዲቀርብ ተጠየቀ። ያ ማለት ፎቶ ቤት ተነስቶ አራት ጉርድ ይዞ መምጣት ዋጋ አጣ። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ ባሉ ኢንተርኔት ቤቶች በር ላይ በየጥቅምቱ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ጀመር። አንድ ሰው ሕይወቱን ሊለውጥ መጥቶ ዕጣው የተንጠለጠለው አንዲት ትንሽ ምስል በትክክል ተቆርጣ፣ ጀርባዋ ነጣ ያለ ሆና፣ ከተፈቀደው ክብደት ሳታልፍ በመጫኗ ላይ ነው። በኋላ ዓመታት ልኩ ጠርቶ 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ተባለ።

ይህን የሚሠራው ማን ነው? ኢንተርኔት ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ። በምን? አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ፔይንት። የዊንዶውስ ኤክስፒን ፔይንት የሚያስታውስ አንባቢ ካለ አብሮን ይተክዝ። ምስል ማሳነሻው በፒክስል አይሠራም፤ በመቶኛ ነው። ቁመቱና ወርዱ ደግሞ ለየብቻ ይጻፋሉ። አንዱን ጽፎ ሌላውን የረሳ ሰው ደንበኛውን ያሞጠሙጠዋል ወይም ያጠፈጥፈዋል። ስህተቱን ለመመለስ የሚፈቀደው ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር። አራተኛው ላይ ዕዳው የራስ ነው። ቁመትና ወርድን አብሮ የሚያስኬደው ፔይንት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር ነው።

ጀርባ ማንጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። አስማተኛ ዱላ የሚሉት መሣሪያ ተመሳሳይ ቀለም ያለበትን ቦታ በአንድ ጊዜ ይመርጣል፤ ከዚያ ማጥፋት ነው። ለስላሳ ግድግዳና የተጋደመ ጸጉር ሲያገኝ ጎበዝ ነው። የእኛ ጸጉር ግን ከለበሰው ብርሃን ጋር ይቀላቀላል፤ ጫፉ የት እንደሚያልቅ ዱላው አያውቅም። ውጤቱ ሁለት ነው፤ ወይ አፍሮው በመቀስ እንደተቆረጠ የራስ ቁር ይሆናል፣ ወይ ዙሪያውን ነጭ ክር ይቀርበታል፤ እንደ ቅዱሳን ሥዕል።

ኮቱንም አንርሳ። ድሮ ፎቶ ቤት መጋረጃው ጀርባ አንድ ኮትና አንድ ክራባት ተሰቅሎ ይጠብቅ ነበር፤ የሌለው ሰው ለብሶ ይነሳል። ዲጂታሉ መጣና ኮቱ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ከቲሸርት በላይ ጭንቅላት ይቆረጥና ሰማያዊ ክራባት ያለው ኮት ላይ ይቀመጣል። ያው አንድ ኮት ስንት የሠፈር ጎረምሳ መታወቂያ ላይ እንዳለ እሱ ኮቱ ይናገር። የዲቪው መመሪያ ደግሞ የተነካካ ፎቶ ከውድድር ያሰርዛል ይላል። መቁረጥና ማሳነስ ግዴታ ነው፤ ማሳመር ክልክል። ለማሳመር የኖረን ፎቶ ቤት «አታሳምር» ማለት ከባድ ነበር፤ አመልካቹም ቢሆን አሜሪካ ሊያየው ነውና ቆንጆ ሆኖ መታየት ይፈልጋል።

በዚህ መሃል ፒካሳ መጣ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 ገዝቶ በነጻ ለቀቀው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ሰው የተጠነቀቀለት፣ ተቀድቶም ሆነ ወርዶ ሕግ የማይጣስበት፣ በፍላሽ ከቤት ቤት የሚዞር ፕሮግራም አገኘን። ኮምፒውተሩን ራሱ ፈትሾ ፎቶዎቹን በቀናቸው ይደረድራል፤ የልደት፣ የምርቃት፣ የሚሊኒየሙ ዋዜማ፣ የረሳነው ሁሉ ይወጣል። ቀይ ዐይን በአንድ ጭነት ይጠፋል። ቀጥ ያላለውን ፎቶ እየጎተቱ ያቃናሉ። ከሁሉም የወደድነው ግን ጥላ ውስጥ ያለውን የሚያበራው መጎተቻ ነው፤ ለምን እንደወደድነው አሁን እንናገራለን።

ትልቁ ጥበቡ ደግሞ ዋናውን ፎቶ አለመንካቱ ነበር። ያደረጉትን ለውጥ ሁሉ እንደ ማስታወሻ ለብቻ ይጽፈዋል፤ ስክሪኑ ላይ ተስተካክሎ ያሳያል፤ ሥር ያለው ፋይል ግን እንደተወለደ ነው። ይህ በረከት ብዙ ሰው አናዷል። ሌሊቱን ሙሉ የሠርግ ፎቶ ሲያበራና ሲቆርጥ አድሮ፣ ፎልደሩን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ፎቶ ቤት የወሰደ ሰው የሚታተምለት ያልተነካው ነው! ቀይ ዐይኑም፣ ጠማማው ግድግዳም፣ ጠርዝ ላይ ቆሞ ጥርሱን የሚፍቀው ዘመድም ተመልሰዋል። ኤክስፖርት ማድረግ እንደሚያስፈልግ ማን ነገረው? እኛ ግን ዛሬ ያን የሚያናድድ ጠባይ እንመኘዋለን። የአያታችን ፎቶ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ስንጥቁም ንቅሳቱም ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር።

ስለ መልክ ቀለም አለማንሳት አይቻልም። የጀማሪ ፕሮግራም ሁሉ «በራስህ አስተካክል» የሚል አንድ ቁልፍ አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከምስሉ ውስጥ ከሁሉ የነጣውንና ከሁሉ የጠቆረውን ይፈልግና ነጩን ወደ ሙሉ ነጭ፣ ጥቁሩን ወደ ሙሉ ጥቁር ይጎትታል። የጥምቀት ፎቶ ጃን ሜዳ ላይ አንሱና ሞክሩት። ነጠላው በፀሐይ እንደ በረዶ ነጥቷል፤ ጸጉሩ ጠቁሯል፤ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ጫፍ አግኝቶ «የሚስተካከል የለም» ብሎ ይተዋል። መሃል ላይ ያለው ጠይም ፊት ጨለማ ውስጥ ቀረ። ካሜራውም አላገዘም፤ ነጩ ልብስ አታሎት ብርሃን ቀንሷል። ችግሩ ከፊልም ዘመን የወረደ ነው። የኮዳክ የቀለም መለኪያ ካርድ ላይ ለዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ሸርሊ ይሏታል፤ የቀለሙ ልክ የእሷ ቆዳ ነበር። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እንደጻፈችው ኩባንያው ቡናማን በደንብ ለማውጣት መጣር የጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ሲያማርሩ ነው። የእኛ እናቶች ነጠላ ለብሰው ፊታቸው ሲጠቁር ግን «እሷ ፎቶ አትወጣም» ተባሉ። ስንቷ ቆንጆ በዚህ ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ከካሜራ ሸሸች! የፒካሳን ጥላ ማብሪያ የወደድነው ስለዚህ ነው። ትንሽ ሲጎትቱት ነጠላው ሳይቃጠል ፊት ብቅ ይላል። ሲያበዙት ግን ግራጫ አመድ የተቀባ ይመስላል፤ ልኩን ማወቅ የሰው ሥራ ነው።

ፊደላችንስ? ፎቶው ላይ «እንኳን ደስ አለሽ» መጻፍ ፈለግን እንበል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ኒያላ የተባለው ፊደል ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እስኪመጣ 2007 ደረሰ። እስከዚያና ከዚያም በኋላ ሰው የሚጽፈው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነበር፤ ፊደሎቻችን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ ተደብቀው። ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሥራው ሲከፈት «እንኳን ደስ አለሽ» የእንግሊዝኛ ትርምስ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር አቅልጦ ማስቀመጥ ነበር። አንዴ ከቀለጠ ደግሞ «ሽ»ን ወደ «ህ» መለወጥ የለም፤ ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ጉግል ፒካሳን እ.ኤ.አ. በ2016 ዘጋው። የዛሬው ልጅ ፎቶ ቤትም ኢንተርኔት ቤትም ሳይሄድ በስልኩ ይጨርሰዋል። እኛ ግን ሰሞኑን ወደ ኋላ ነበር የምንሄደው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከየቤቱ አልበም ተሰብስቦ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል የታተመውን መጽሐፍ ስናገላብጥ የአያታችን እኩዮች ከነንቅሳታቸው ሲያዩን አላስተኛን አለ።

ባለፈው ወር ጉርድ ሾላ አክስታችን ቤት ሄደን ጉዳዩን አነሳን። አክስታችን ሳትነሳ በጣቷ ወደ ቁም ሳጥኑ ጠቆመች። ከሥር፣ ከሰነዶች ጋር፣ በፖስታ ውስጥ፣ ያው ፎቶ ሌላ ቅጂ አለ። ያልታጠፈ፣ ያልተሰነጠቀ። እጃችን እየተንቀጠቀጠ መስኮት ጋ ወሰድነው።

ግንባሯ ላይ መስቀሉ አለ። አንገቷ ላይ ግን ከላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው ደምቀው የሚታዩት። የታችኞቹ ደብዝዘዋል። ዐይናችንን አስጠግተን ስናይ ደቃቅ፣ ነጣ ነጣ ያሉ ጭረቶች አየን፤ የእርሳስ ሥራ።

«ፎቶ አንሺው ነው ያጠፋባት?» አልን።

«እሷ ናታ አጥፋልኝ ያለችው» አለች አክስታችን። «ከባላገር መጣች እንዳይሏት። ጀምሮ ሲያደበዝዘው ደግሞ አላስችል አላት መሰለኝ፣ ከላይ ያለውን እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ፣ ተወው አለችው። እየሳቀች ነበር የምታወራው።»

ፎቶውን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርገን ሁለት ቦታ አስቀመጥነው። አንዱን ማንም አይነካውም። ከቤቱ ልንወጣ ስንል አክስታችን ስልኳን ዘረጋችልን፤ ለልጇ ሠርግ የተነሳችው ፎቶ ነው።

«እስቲ ልጆቼ፣ ይቺን የዐይኔ ሥር ያለችውን አጥፉልኝ።»